ስህተታችንን የሚሥል ዲያግራም

የሶፍትዌር ሰነድ ሲቀርብ አንዱ ምዕራፍ ሁልጊዜ በሥዕል የተሞላ ነው። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ የሚዘጋጀው ኮዱ ካለቀ በኋላ፣ ገምጋሚ ስለሚጠይቀው ነው፤ ገምጋሚውም ገጹን ገልጦ ያልፋል። ዩ.ኤም.ኤል (የሶፍትዌርን አወቃቀር በሥዕል የሚገልጽ መደበኛ ቋንቋ) በብዙ ፕሮግራመሮች ዘንድ የቢሮክራሲ ስም የወጣለት በዚህ ልማድ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ሥዕል ቢቀር የሚጎዳ ሰው የለም። ሊቀር የማይገባው፣ ያላሰብነውን ሁኔታ መሣሪያው ራሱ ሥሎ የሚያሳየን ዲያግራም ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚመላለሱ ጀልባዎች የትኬት ሲስተም ይሠራል እንበል። አራት ክላሶች (ሲስተሙ የሚመዘግባቸው የነገር ዓይነቶች) ይበቃሉ፦ ጀልባ፣ ወንበር፣ ጉዞ፣ ትኬት። ጀልባ ብዙ ወንበሮች አሉት፤ ጉዞ በአንድ ጀልባ ይካሄዳል፤ ትኬት ለአንድ ጉዞና ለአንድ ወንበር ይቆረጣል። ሲሣል ያምራል፣ የሚቃወመውም አይገኝም። መስመሮቹን በጣት ብንከተል ግን ከትኬት ተነስተን ጀልባ ጋ የምንደርስባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ በጉዞው፣ ሌላው በወንበሩ በኩል። ሁለቱ መንገዶች እዚያው ጀልባ ላይ መገናኘት እንዳለባቸው ሥዕሉ የትም አይናገርም። ጠዋት የአንዱ ጀልባ ሞተር አልነሳ ብሎ ሌላ ሲተካ ጉዳዩ ይገለጣል። ለ20 ሰው ትኬት የተቆረጠለት ጉዞ 12 ወንበር ወዳለው ጀልባ ይዛወራል፤ ትኬቶቹ ግን የቆመውን ጀልባ ወንበሮች እንደያዙ ይቀራሉ። ዳታቤዙም እያንዳንዱ ቁልፍ (አንዱን መዝገብ ከሌላው የሚያያይዘው መለያ) በየፊናው ትክክል ስለሆነ ዝም ይላል።

ይህን ገደብ የሚጽፉበት ቋንቋ ጠፍቶ አይደለም። ኦ.ሲ.ኤል እ.ኤ.አ. በ1997 ከጸደቀው ዩ.ኤም.ኤል 1.1 ጀምሮ አብሮ አለ፤ “የትኬቱ ወንበር ከጉዞው ጀልባ ወንበሮች አንዱ ይሁን” የሚለው በአንድ መስመር ያልቃል። ነገር ግን ብዙ የሥዕል መሣሪያዎች ይህን መስመር ከሳጥኑ ጎን እንደ ማስታወሻ ለጥፈው ይተዉታል። ያልተፈተሸ ገደብ ደግሞ ከምኞት አይሻልም።

ስለዚህ ምርጫዬ አሎይ ነው። በኤም.አይ.ቲ. የዳንኤል ጃክሰን ቡድን የሠራው ይህ መሣሪያ በጃቫ የሚሄድ ሲሆን አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ተጠቃሚው ስፔሲፊኬሽኑን (የሲስተሙን ክፍሎችና ገደቦች) በጽሑፍ ይጽፋል፤ ሥዕሉን መሣሪያው ይሥላል። አራቱ ክላሶች ከተጻፉ በኋላ ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር እንደ ማረጋገጫ አስገብቶ ማስፈተሽ ነው። ወሰን ካልተሰጠው ከየዓይነቱ እስከ 3 ድረስ እየወሰደ ሊኖሩ የሚችሉትን ሁኔታዎች ሁሉ ይፈትሻል፤ ከዚያም አፍራሹን ምሳሌ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩ የማይሠራበትን ሁኔታ ያወጣል፦ ሁለት ጀልባ፣ አንድ ጉዞ፣ አንድ ትኬት፣ ወደማይመለከተው ጀልባ ወንበር የሚሄድ ቀስት። ኮድ የማያነብ የጀልባ ባለቤት ይህን ሥዕል ያነበዋል። “ጀልባ ሲቀየር ትኬቱ ይዛወር ወይስ ገንዘብ ይመለስ?” የሚለውን መወሰን ያለበትም እሱ እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አሎይ 6 በጊዜ ውስጥ የሚለዋወጥ ሁኔታን ስለሚቀበል የጀልባ ቅያሪውን ራሱን እንደ ክስተት ጽፎ ደረጃ በደረጃ ማየትም ይቻላል።

ጀማሪን የሚያስቱ ነገሮች አሉ። ትልቁ፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ገደቦችን መጻፍ ነው። በዚህ ጊዜ ሞዴሉ አንድም ሁኔታ ስለማይፈቅድ ፍተሻው “አፍራሽ ምሳሌ የለም” ይላል፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ይሄዳል። መድኃኒቱ ከማስፈተሽ በፊት ባዶ ትእዛዝ (ምንም ተጨማሪ ገደብ የሌለበት) አስሂዶ ቢያንስ አንድ ጤነኛ ሁኔታ መሣሉን ማየት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ አሎይ ካልተነገረው በቀር ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) የሚይዘው በ4 ቢት፣ ማለትም ከ−8 እስከ 7 ብቻ ስለሆነ 12 ወንበር ብሎ መጻፍ አያዋጣም። ባለ 1 እና ባለ 2 ወንበር ጀልባ ስህተቱን ለማሳየት ይበቃል። በወሰን 3 ስህተት አለመገኘቱም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ወሰኑን ወደ 5 ወይም 6 ከፍ ማድረግ ይገባል፣ ሁኔታዎቹ በፍጥነት ስለሚበዙ ግን መጠበቅም አለ። ሥዕሉ ከተወሳሰበ በየጉዞው ከፋፍሎ አንድ በአንድ ማሳየት ይቻላል።

ለሰነዱ የሚገባው ንጹሕ ሥዕል ፕላንት ዩኤምኤል በተባለው መሣሪያ ከጽሑፍ ቢወጣ ይሻላል፤ ለውጡ በጊት (የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ) ላይ መስመር በመስመር ይታያል። የግእዝ ፊደል ፎንት በሌለው ሰርቨር ላይ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ እንደሚወጣ ግን አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መጫን ይበቃል።

ስም መዝግቦ ዝርዝር ለሚያትም ፎርም ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጊዜ ማባከን ነው። ወንበር፣ ገንዘብ ወይም ተራ የሚያከፋፍል ሲስተም ሲሆን ግን ገምጋሚዎች የገጽ ብዛት መቁጠሩን ትተው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ በክላስ ዲያግራሙ ላይ መስመሮች ዞረው ቀለበት በሠሩበት ቦታ ሁሉ፣ ሁለቱ መንገዶች መገናኘት አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚለው የተጻፈውና የተፈተሸው የት ነው?