አንድ ያደረጋችሁ ይባረክ

ተፎካካሪ ሲዋደድ እንደማየት ደስ የሚል ነገር የለም። የማያምን እዚህ ሐዋሳ መናኸሪያ ከአውቶቡስ እንደወረደ ይሞክረው። አንዱን ባጃጅ «አሞራ ገደል ኮንትራት ስንት?» ይበለው። ዋጋ ይጠራለታል። ተወደደብኝ ብሎ ወደሚቀጥለው ሲሄድ፣ ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል በአገጩ ወደ መጀመሪያው ይጠቁመዋል፦ «ተራው የሱ ነው፤ እሱን አናግረው።» ሦስተኛውም እንደዚያው። እንዲህ ያለ መከባበር በየትኛው ቤተሰብ አለ? ከፍቅሩ ውጭ የቀረው ተሳፋሪው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከፋይ ሆኖ እንዲሳተፍ ተፈቅዶለታል።

ይህ ፍቅር ሰማይም ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ መንገደኛ ሲሻሙ የኖሩት አየር መንገዶች ዩናይትድ፣ ዴልታ፣ አሜሪካን፣ ኖርዝዌስትና ኮንቲኔንታል እ.ኤ.አ. በ2001 ኦርቢትዝ የተባለ የኢንተርኔት ትኬት መሸጫ በጋራ ከፈቱ። ለምን? ለደንበኛው አዝነው ነዋ! ኤክስፔዲያና ትራቬሎሲቲ የተባሉ የኢንተርኔት ሻጮች የነሱን ትኬት እየሸጡ ኮሚሽን ሲበሉ አንጀታቸው አልችል ብሎ።

የውሉን ደግነት ደግሞ ስሙልኝ። አባል የሆነ አየር መንገድ ለሕዝብ የሚያወጣውን ዝቅተኛ ዋጋ ሁሉ ለኦርቢትዝም ማቅረብ ነበረበት። ምቀኛ አይጠፋምና «ታዲያ ለሌላ ሻጭ ለብቻው ቅናሽ መስጠት ምን ይጠቅመዋል? ባለቤቶቹስ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ዋጋ ለመስበር እጃቸው ይነሳል?» ያለ ነበር። ሳውዝዌስት የተባለው ርካሽ አየር መንገድማ ጭራሽ ከማኅበሩ ውጭ ሆኖ ኦርቢትዝን ፍርድ ቤት ገተረው። በርካሽ የሚሸጥ ሰው ድሮም ጠባይ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ዴልታ ለአሜሪካ የጉዞ ወኪሎች ይከፍል የነበረውን መደበኛ ኮሚሽን አስቀረ። ሌሎቹ ትልልቆችም ወዲያው ተከተሉት፤ ልብ ለልብ የተገናኘ ሰው መጠራራት አያስፈልገውም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ግን ተጠራጣሪ ነውና ኦርቢትዝን ሲመረምር ከርሞ፣ በ2003 ውድድርን ጎድቷል የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም ብሎ ክስ ሳይመሠርት መዝገቡን ዘጋ። እሰይ! ፍቅር ወንጀል የሆነበት አገር የት አለ?

ለደንበኛው ሲባል የተከፈተው ቤት በ2004 ሴንዳንት ለተባለ ኩባንያ በ1.25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ደንበኛው ድርሻውን እየጠበቀ ነው።