«ጨርቅ ነው እኮ» አትበሉኝ

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። ሆዴ ውስጥ ይዤው ሳምንት አለፈኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮ ነበርኩ። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። መጀመሪያ ንፋስ፣ ከንፋሱ ጋር በረዶ። ጅማ ያደገ ሰው ዝናብ አያስደነግጠውም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚዘንብባት ከተማ ናት፣ ክረምቷም ረጅም ነው። ያስደነገጠኝ የጎረቤቴ ስልክ ነው። «ቆርቆሮሽ ተነሥቷል፣ ቶሎ ነይ!» አለችኝ።

ስደርስ የጥጉ ቆርቆሮ በንፋስ ብድግ ይላል፣ ተመልሶ ጓ ብሎ ይወድቃል። ሮጬ ገባሁ። የቤቴ ኮርኒስ አቡጀዲ ነው። ውኃውን ጠጥቶ ጠጥቶ መሐሉ ላይ ተንጠልጥሏል። ሳፋ ላመጣ ዞር ስል ተቀደደ። የስንት ዓመት አቧራና የአይጥ ጉድፍ ከውኃው ጋር ተለውሶ የወረደው የት መሰላችሁ? ስፌት መኪናዬ ላይ።

ልብስ ሰፊ አይደለሁም። ቀን ቀን ቢሮ ነው የምውለው። ማታ ማታና እሑድ ግን እሰፋለሁ። ለገንዘብ አይደለም፣ ስለምወደው ነው። ከእናቴ የወረስኳት የእግር ሲንጀር አለችኝ። የወርቅ ቀለም ጽሑፏ በእናቴና በእኔ እጅ ተፈግፍጎ ግማሹ ጠፍቷል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ለእህቴ ልጆችና ለግቢያችን ሴት ልጆች ቀሚስ እሰፋለሁ። ዘንድሮ አምስት ናቸው። ጨርቁን ከግንቦት ጀምሮ ከደመወዜ እየቆነጠርኩ፣ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እየወጣሁ ነው የገዛሁት። ሦስቱ ተቆርጠው ነበር። የትንሿ ልጅ ቀሚስ እጅጌ ብቻ ነበር የቀረው።

ያቺን ቀሚስ ከውኃው ውስጥ ሳነሣት የቀዩ ጥለት ቀለም ለቆ ነጩ ላይ ሄዷል። ደረቷ ላይ እንደ ደም ተዘርግቷል። ስፒል የሰካሁባቸው ቦታዎች ደግሞ በማግስቱ ቡናማ ነጠብጣብ አወጡ፤ ዝገት ነው። በሲሚንቶ ወረቀት የቆረጥኳቸው ልኮች በእጄ ላይ ሟሙ። የአምስት ልጆች የትከሻ፣ የወገብ፣ የቁመት ልክ እዚያ ላይ ነበር የተጻፈው።

ማታ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አዎ፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ሰው ሊጠይቀኝ መጣ። ሁሉም አንድ አፍ ነው። «ተመስገን በይ፣ ሰው አልተጎዳ። ጨርቅ ነው እኮ!» ሌላዋ ደግሞ «እንጀራሽ አይደለም፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ባለመጎዳቱ እኔም አመስግኛለሁ። ግን ቴሌቪዥኔ ተበላሽቶ ቢሆን «ቴሌቪዥን ነው እኮ» የሚለኝ ነበር? ከንፈር ይመጥልኝ ነበር። ሰው በገዛ እጁ፣ በፍቅር፣ በትርፍ ሰዓቱ የሠራው ነገር ሲጠፋ ለምንድን ነው ከጉዳት የማይቆጠረው? እኔ ከቢሮ ደክሜ ገብቼ ልቤ የሚያርፈው እዚያች መኪና ላይ ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነገር ይህ ሁሉ ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑ ነው። በጥር ለአከራዬ ነግሬያቸው ነበር። «ጋሼ፣ የጥጉ ቆርቆሮ ምስማሩ ላልቷል፣ እንጨቱም በስብሷል» አልኳቸው። «ልጄ፣ በበጋ ምን ዝናብ አለና ትቸኩያለሽ?» አሉኝ። በሚያዝያ ደገምኩ። «ፋሲካው ይለፍ» አሉ። ሰኔ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ደወልኩ። «በዝናብ ማን ቆርቆሮ ላይ ይወጣል? አንሸራቶት ቢወድቅስ? ክረምቱ ይውጣ» አሉኝ። በበጋ ዝናብ የለም፣ በክረምት ዝናብ አለ። ታዲያ የእኔ ቤት በየትኛው ወር ነው የሚጠገነው?

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ንፋስ በላላው ጠርዝ ሥር ይገባና ከታች ወደ ላይ ይገፋል። አንዱ ምስማር ሲለቅ ጭነቱ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፣ እሱም ይለቃል። በጥር አንድ የሞራሌ እንጨትና ጥቂት ባለ ጎማ ምስማር ይበቃው ነበር። ቆርቆሮው ራሱ ስስ ነው። የጌጁ፣ ማለትም የውፍረት መለኪያው፣ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮ ይሳሳል፤ 35 ከ28 ጋር አይወዳደርም። የእኛ ግቢ የተመታው ከስሱ ነው። ሕግ የተማረ ጓደኛዬ የነገረኝ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ የተከራየውን ቤት በደህና ሁኔታ እንዲጠብቅ ያዘዋል። ይህን ሁሉ ጊዜ እንደ ውለታ ስለምናቸው ነበር።

መኪናዋን ለማዳን ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። መብራት ሦስት ቀን ስላልነበረ በሻማ ነው የሠራሁት። ከመርፌው ሥር ያለውን ሰሌዳ ፈታሁ። ውስጡ ያለው የክር ብናኝ ውኃ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል። በመርፌና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠርጌ፣ በደረቅ ጨርቅ አብሼ፣ በየቀዳዳው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩ። እባካችሁ የምግብ ዘይት አታድርጉ፤ ሲከርም ደርቆ ይጣበቃል። ከዚያ መዘውሩን በእጄ ያዝኩት። አልሄድ አለ። ጠበቅኩ፣ ዘይት ጨመርኩ፣ እንደገና ሞከርኩ። ሩብ ያህል ዞረ። ከዚያ ግማሽ። መርፌው ወርዶ ሲወጣ ሳይ እናቴን ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ። የቆዳው ቺንጋ ግን ውኃ ገብቶት ተለጥጧል፣ መዘውሩ ላይ ይንሸራተታል። ማሳጠር አለብኝ።

ጨርቁ ነው የከበደኝ። አንዷ በረኪና አድርጊበት አለችኝ። አይሆንም፣ በረኪና ዝገትን ያብሰዋል እንጂ አያስለቅቅም። ዝገት የሚለቀው በሎሚና በጨው ነው፣ ቀብቶ ፀሐይ ላይ በማስጣት። በነሐሴ ጅማ ላይ ፀሐይ ከየት ይምጣ? ሁለት ጊዜ አሰጣሁ፣ ሁለቴም ዝናብ ቀድሞኝ ሮጬ አስገባሁ። ሌላዋ ደግሞ ክፍሉን ዘግተሽ ከሰል አንድጂበት፣ በአንድ ሌሊት ይደርቃል አለችኝ። ይህን እንዳታደርጉ በእናታችሁ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ነፍስ ያጠፋል፤ ሽታ እንኳ ሳይሰጥ ነው የሚገድለው። እርጥቡን ጨርቅ በሩንና መስኮቱን ከፍቼ ገመድ ላይ ዘረጋሁት። ከታች የነበሩት ሁለቱ ግን እስኪደርቁ ሻግተዋል።

ያቺ ስልክ የደወለችልኝ ጎረቤቴን ግን ሳላነሣት አላልፍም። በዚያ በረዶ ውስጥ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጥላ ሳፋዎቿን ይዛ መጣች። እስከ ማታ አብራኝ ውኃ ስትቀዳ አመሸች። «አብሽሪ» አለችኝ፣ ደጋግማ። «ጨርቅ ነው» አላለችም። በማግስቱ ቡና አፍልታ ጠራችኝና ልጇን አቁማ «በይ ልኳን እንደገና ውሰጂ» አለችኝ። የመጀመሪያው አዲስ ልክ የእሷ ልጅ ነው።

ከአምስቱ ሦስቱ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳሉ። ቀለም የሄደበትን ደረት ቆርጬ አውጥቼ ሌላ ጥለት አስገባበታለሁ። ለቀሩት ሁለቱ ጨርቅ መግዣ የለኝም።

ቆርቆሮው እስካሁን አልተመታም። ድንጋይ ጭነንበታል። ትናንት ጠዋት ለአከራዬ መልእክት ላክሁ። ሠራተኛውን እኔ እፈልጋለሁ፣ ምስማሩንና ሞራሌውን እኔ እገዛለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ሳይመጣ ይሠራል፣ ፈቃድዎን ብቻ ይስጡኝ ብዬ። ከኪራይ ይቀነስልኝ እንኳ አላልኩም። አንብበውታል። እስከ አሁን መልስ የለም።