ማስተካከያ፦ ማባዛት ከማካፈል አይቀድምም

ስለ ስሌት ቅደም ተከተል ቀደም ብሎ በወጣው የሒሳብ ማጠናከሪያ ጽሑፍ ላይ «ማባዛት ሁልጊዜ ከማካፈል ይቀድማል» የሚል መስመር ነበር። ትክክል አይደለም። ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ መጀመሪያ ያገኘነውን እንሠራለን።

24 ÷ 4 × 2ን እንውሰድ። 24 ለ4 ሲካፈል 6 ይመጣል። 6 በ2 ሲባዛ 12። ማባዛቱን ያስቀደመ ተማሪ ግን 4ን በ2 አባዝቶ 8 ያገኛል፤ ከዚያ 24ን ለ8 አካፍሎ 3 ላይ ቁጭ ይላል። ስህተቱ ቶሎ የማይያዘውም ለዚህ ነው። ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ስለሆነ፣ ደግሞ ደጋግሞ ቢያየው ያው 3 ነው የሚመጣለት።

መደመርና መቀነስም እንደዚሁ ናቸው። የ10 − 3 + 2 መልስ 9 እንጂ 5 አይደለም። ቅንፍ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ 24 ÷ (4 × 2) እውነትም 3 ነው። (ፈተና የሚያወጡ መምህራን ቅንፍ ባይሰስቱ ለሁሉም ግልግል ነበር።)

በዚያው ጽሑፍ የብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር ከ1 ይጀምራል። ከ2 ተብሎ ይነበብ። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ሁለት አካፋዮች ብቻ ያሉት ነው፤ 1 ደግሞ ያለው አንድ ነው፣ ራሱ።