የአባቶቻችሁን ስም በሲሚንቶ አትድፈኑ

የአገሬ ሰዎች፣ ጢያን ታውቃላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ በሶዶ ምድር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ዓለም የሚያውቃት ግን በመቃብሯ ነው። 36 ትክል ድንጋዮች አሏት፤ 32ቱ ሰይፍና ሌላ ሌላ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። ከድንጋዮቹ ሥር ሲቆፈር ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሚገመት ወጣቶች ተገኙ። የአንዳቸውንም ስም አናውቅም፤ ድንጋዩ ላይ ፊደል የለምና።

የእናንተ ከተማ መቃብር ግን ፊደል አለው። ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድና የዕረፍት ዘመን ተጽፎበታል። ያንን ነው በገዛ እጃችሁ የምታጠፉት።

ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። የወሳኝ ኩነት፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረውም በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሞተው አብዛኛው የገጠር ከተማ ሰው የሞት ምስክር ወረቀት የለውም። ምስክሩ ያ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ «ግራዝማች» ወይም «ባላምባራስ» ሲል ከተማዋን ማን ያስተዳድራት እንደነበር፣ «በ1928 ወረራ» ሲል ከዚያች ቀበሌ ማን እንደዘመተ ይናገራል። ሌላ ቦታ አታገኙትም።

ጥፋቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ገንዘብ ይላካል፤ «የአያታችን መቃብር ይታደስ» ይባላል። ግንበኛው የቀድሞውን ጥርብ ድንጋይ ሰብሮ ለአዲሱ መሠረት ይሞላዋል፤ ከላይ እምነ በረድ ያነጥፋል፤ የሚጽፈው ግን በስልክ የተነገረውን ስም ብቻ ነው። የክርስትና ስሙ፣ የአባት አገሩ፣ የጥንቱ ቀን አብረው ተቀበሩ። ገንዘብ ላኪዎች ሆይ፣ ከመላካችሁ በፊት የድሮው ጽሑፍ ፎቶ ይምጣልን በሉ፤ አሮጌው ድንጋይ ሳይሰበር በአዲሱ ራስጌ ይቁም በሉ። ደግሞም የኮንክሪቱ ብረት ከላዩ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ሽፋን ይኑረው። ሽፋኑ ስስ ከሆነ ውኃ ይደርስበታል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

በጽዳት የሚጠፋውም ትንሽ አይደለም። እምነ በረድ በአሲድ ይሟሟል፤ አሲድ ያለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አታስነኩት። በረኪና በድንጋዩ ቀዳዳ ጨው ይተዋል፤ ጨውም ሲደርቅ ገጹን ይልጠዋል። የሽቦ ብሩሽ ፊደሉን ይበላል። ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የተሰነጠቀ የድሮ ግንብ ስታያይዙ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ አድርጉ። ሲሚንቶ ከለስላሳ ድንጋይ ይልቅ ስለሚጠነክር እርጥበቱን ይዘጋበታል፤ እርጥበቱም በድንጋዩ በኩል ሲወጣ ድንጋዩ እየተላጠ ይፈርሳል። ባሕር ዛፍም ከመቃብር አጠገብ አትትከሉ፤ ሥሩ ግንቡን ያነሣዋል።

አዲስ ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ስታሠሩ ወይም አጥር ስታሰፉ ዶዘር ከመግባቱ በፊት ካርታ ይነሣ። ከማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከቤተ መቅደሱ ምሥራቃዊ ማዕዘን ጀምራችሁ ቦታውን በካስማና በሲባጎ 5 በ5 ሜትር እየከፈላችሁ ለእያንዳንዱ መቃብር ቁጥር ስጡ። የስልክ ጂፒኤስ ብቻውን አይበቃም፤ እስከ 5 ሜትር ስለሚስት ሁለት ጎረቤት መቃብሮችን አይለይም። ጽሑፉን ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ «ሀይሌ» ተብሎ ከተጻፈ «ኃይሌ» ብላችሁ አታርሙ፤ የማይነበበውን ፊደል በነጥብ ተዉት። ግእዝ አኃዙን እንዳለ ጻፉ፤ ፲፱፻፵፰ ካለ 1948ን ከጎኑ አስፍሩ። ፮ና ፯ ሲያረጁ ስለሚምታቱ በሁለት ሰው ይነበቡ። ወደ አውሮጳ ዘመን ስትመልሱ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ጨምሩ፤ ብዙ የቤተሰብ ዛፍ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፉ ከደበዘዘ ኖራ፣ ዘይት ወይም ከሰል አትቀቡ፤ ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፎቶ አንሡ፤ በእኩለ ቀን የማይታይ ፊደል ያን ጊዜ ጥላ ጥሎ ይነበባል። ድንጋዩ ፀሐይ የማያገኘው ከሆነ መስታወት ይዛችሁ ብርሃኑን ከጎን መልሱበት።

የሙስሊሙ መቃብር አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ የለውምና ተረስቶ ይቀራል፤ ይህም ሌላ በደል ነው። አቀማመጡ ራሱ ይናገራል፤ ክርስቲያኑ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ሲቀበር ሙስሊሙ በቀኝ ጎኑ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ ይተኛል፤ ቂብላው ደግሞ ከመሐል ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ነው። ስሙ ያለው በሽማግሌዎች አፍ ነው። ዛሬ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የእድር ዳኞች፣ መዝገባችሁን ለልባሽ ወረቀት አትሽጡ። ለሟች ቤተሰብ ገንዘብ የተሰጠበት ቀን የሞቱን ቀን ያሳያል፤ ያልተጻፈበትን መቃብር ለመለየት የመጀመሪያው መነሻ እሱ ነው። የተሠራው ካርታና ዝርዝር በ3 ቅጂ ይቀመጥ፤ አንዱ ከእድሩ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ፣ አንዱ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት። ተጨማሪ ቅጂ ከተገኘ ወደ ወመዘክር፣ ማለትም ወደ አገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይላክ። በመቃብሩ ቦታ ላይ የምትጽፉትን በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ሥራውን በጥቅምት ጀምሩ፤ ሣሩ ታጭዷል፣ ሰማዩም ጠርቷል።