ለክቡር የመስክ ጉብኝት፣ ካሉበት

ጉዳዩ፦ ኮንቴይነሩን ካዩ ዘንድ ውሉንም እንዲያዩልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከኮምቦልቻ የከበረ ሰላምታ ይድረስዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። (ወሎ ውስጥ ሁለቱንም ማለት ወግ ነው።)

እርስዎ ሲመጡ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። የመንገዱ ጠርዝ ኖራ ይቀባል፣ ባጃጆች ወደ ጓሮ መንገድ ይባረራሉ። ረፋድ ላይ ላንድክሩዘሮቹ ተከታትለው፣ ከባሕር ርቆ ኮንቴይነር የሚከማችበት ደረቅ ወደባችን በር ላይ ይቆማሉ። ቆብና አንጸባራቂ ሰደርያ ይታደላል። አንዱ ጣቱን ወደ ኮንቴይነሮቹ ይዘረጋል፤ ሌሎቹ ጣቱ ወዳመለከተበት እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ካሜራው ይቀርጻል። «ሥራው አበረታች ነው፤ ውስንነቶችም ተለይተው አቅጣጫ ተቀምጧል።» ከዚያ ምሳ። የወደቡ ሠራተኞች፣ ምስኪኖች፣ የዚያን ቀን ሥራ የሚጀምሩት እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።

ለመሆኑ ኮንቴይነር ምን ያጠፋል ብለው ነው? የሚያጠፋው መሳቢያ ውስጥ የተኛው ወረቀት ነው። እርስዎ ግን ሙሽራዋን እይ ተብሎ ተልኮ የድንኳኑን ካስማ ቆጥሮ የሚመለስ ሽማግሌ ሆነውብናል።

የወደብን ነገር በወሬ አናውቀውም። የአሰብ መኪና በባቲና በሚሌ ሲመላለስ እያየን ያደግን ነን። የ1990 ዓ.ም. ጦርነት ያንን መንገድ ከዘጋው ወዲህ ከአገሪቱ ዕቃ ከመቶ 90 የሚበልጠው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ጅቡቲስ ምን አጋጠማት? መንግሥቷ የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ ለ30 ዓመት እንዲያስተዳድረው ተዋዋለ። ቆይቶ «ውሉ ሉዓላዊነቴን ይነካል» አለና በየካቲት 2010 ዓ.ም. አፈረሰው፤ የለንደን የግልግል ዳኞች ደግሞ ለኩባንያው ፈረዱ። ሉዓላዊነትን የሚነካው አንቀጽ እኮ ሲፈረምም እዚያው ገጽ ላይ ነበር!

በዚያው ዓመት እኛም ከሶማሊላንዱ የበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ አገኘን ተብሎ ተጨበጨበ። በ2014 ዓ.ም. ሶማሊላንድ «ቅድመ ሁኔታዎቹን ስላላሟላችሁ ድርሻው ቀርቷል» አለች። ቅድመ ሁኔታ የሚባል ነገር መኖሩን ከዚያ በፊት የሰማን ስንቶቻችን ነን? ድርሻው የቀረው ክሬን ተሰብሮ አይደለም።

ሩቅ ሄድኩ እንጂ ምሳሌው ደጃችን ላይ ተጋድሟል። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ውል ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ቀረ። የሰሜኑን ጦርነት ዘረፋ አልረሳሁም፤ ኃይሉ ግን ከጦርነቱ በፊትም ሲጠበቅ ነበር። ሐዲድ የሚዘረጋውን ውልና ኃይል የሚያቀርበውን ውል ጎን ለጎን ዘርግቶ ያነበበ ሰው ካለ እባክዎ ያስተዋውቁን፤ ኮምቦልቻ ድረስ ይምጣና እንሸልመዋለን።

ተቆጣጣሪ ጠፍቶ ነው እንዳይሉኝ። ደረቅ ወደቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ከሦስት ተቋማት ውህደት የተፈጠረ ነው፤ ዛሬ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን በሚያስተዳድረው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው። ዘርፉ ሚኒስቴር አለው፣ ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አለው፣ ዋና ኦዲተርም አለ። ይህ ሁሉ ዓይን እያለ፣ «ያኛው አይቶታል» ተባብለው እንዳይሆን እንሰጋለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሲመጡ ቆቡን ይተዉትና ፋይሉን ያስወጡ። ስንት ተጫራች ቀረበ? ቅድመ ክፍያው ስንት ነው? የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናው መቼ ያበቃል? የጊዜ ማራዘሚያውን ማን ፈቀደ? «ተጨማሪ ሥራ» የተባለውስ ከዋናው ሥራ ሊበልጥ ምን ቀረው? ካሜራውን መኪና ውስጥ ይተዉት፤ አንቀጽ ፎቶ ላይ አያምርም። ንባቡ ይረዝማል ካሉም ቡና እናፈላለን። እዚህ አገር በአቦል የሚነሣ እንግዳ የለም፤ በረካው እስኪደርስ ስንት ገጽ ይገለጣል!

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለውሉ፣ መሳቢያው ውስጥ
ለአባሪ 3፣ ማንም ላልገለጠው