«ሌስ» እና «ፊወር»፦ ልዩነቱ ይጠበቅ ወይስ ይቅር?

አርታኢዋ፦ ሁለቱም የእንግሊዝኛ ቃላት ማነስን ይናገራሉ። ሥራቸው ግን ይለያያል። የሚቆጠር ነገር ሲያንስ «ፊወር ቡክስ» (ያነሱ መጻሕፍት) እንላለን። የማይቆጠር ሲሆን ደግሞ «ሌስ ዎተር» (ያነሰ ውሃ)። ይህ ለጌጥ የተቀመጠ ደንብ አይደለም። «ሌስ ኳሊፋይድ ቲቸርስ» ብዬ ብጽፍ አንባቢ የመምህራኑ ብቃት ዝቅ ያለ ነው ብሎ ይረዳል። «ፊወር ኳሊፋይድ ቲቸርስ» ካልኩ ግን ብቃት ያላቸው መምህራን ቁጥራቸው ቀንሷል ማለት ነው። አንዱ ሰዎቹን ይነቅፋል፣ ሌላው እጥረትን ይናገራል። በአንድ ቃል ምክንያት የሰው ስም ሊጎድፍ ይችላል እኮ!

መምህሩ፦ እህቴ፣ ምሳሌሽ ልክ ነው። ግን ከመቶ ዓረፍተ ነገር ስንቱ እንዲህ ያምታታል? ታሪኩንም እንየው። የጥንቱ የእንግሊዝ ንጉሥ አልፍሬድ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ «ሌስ»ን ለሚቆጠር ነገር፣ ያውም ለቃላት ብዛት ተጠቅሞበታል። ደንቡ የሚመዘዘው በ1770 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቤከር ስለ እንግሊዝኛ አጠቃቀም ከጻፈው አስተያየት ነው። እሱም «ፊወር» የተሻለ መስሎ እንደሚታየው ነበር የገለጸው። የአንድ ሰው ምርጫ ውሎ አድሮ ሕግ ሆኖ ቁጭ አለ። ደግሞስ መብዛትን የሚናገረውን «ሞር»ን ተመልከቺ። «ሞር ዎተር»፣ «ሞር ቡክስ» እንላለን። ለመብዛት አንድ ቃል ከበቃ ለማነስ ለምን ሁለት ያስፈልጋል?

አርታኢዋ፦ መነሻው ምርጫ ቢሆንም ዛሬ ጠንቃቃ ጸሐፊዎች የሚጠብቁት ልማድ ሆኗል። በ2008 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው የሱፐርማርኬት ድርጅት ቴስኮ «10 አይተምስ ኦር ሌስ» (10 ዕቃ ወይም ከዚያ በታች) የሚለውን የመክፈያ መስመር ማስታወቂያ «አፕ ቱ 10 አይተምስ» (እስከ 10 ዕቃ) በሚል ለመተካት ወስኗል። አንባቢ ግድ ባይሰጠው ኖሮ ማን ይደክም ነበር?

መምህሩ፦ እነሱም እኮ ከሁለቱ ቃላት ሸሹ እንጂ «ፊወር»ን አልመረጡም! «ሌስ ዛን 5 ማይልስ» (ከ5 ማይል ያነሰ) የሚለውንስ ምን ልትዪው ነው? ማይል ይቆጠራል። ሆኖም እዚህ ላይ «ፊወር» የሚል ሰው ብዙም አታገኚም።

አርታኢዋ፦ 5 ማይል እዚያ ላይ እንደ አንድ ርቀት ስለሚታሰብ ነው። ገንዘብና ጊዜም እንደዚያው።

መምህሩ፦ እንግዲያው ዋናው ነገር መቆጠሩ ሳይሆን ተናጋሪው እንዴት እንዳሰበው ነው ማለት ነው። ተማሪዎቼን የማስተምረውም ይህንኑ ነው። «ሌስ ቡክስ» ብሎ የጻፈ ልጅ ሐሳቡ ግልጽ እስከሆነ ድረስ ነጥብ አልቀንስበትም።

አርታኢዋ፦ መምህር፣ እርስዎ ባይቀንሱበትም ነገ የሥራ ማመልከቻውን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው የአልፍሬድን ታሪክ አያውቅም። የሚያየው ስህተት ብቻ ነው። ልጁ ልዩነቱን ዛሬ ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ መተው ከፈለገ አውቆ ይተወው።