ማሕፀን ማውጣት ሁለቱንም በሽታ አይነቅልም

ስለ አዴኖማዮሲስና ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ በቀረበው ጽሑፍ ጸሐፊዋ «ማሕፀን ከወጣ ሕመሙም አብሮ ይወጣል» ማለታቸው ግማሽ እውነት ነው። እኔ ሁለቱም ያለብኝ ሴት ነኝ። አዴኖማዮሲስ የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የማሕፀንን ጡንቻ ሰርስሮ የሚገባበት በሽታ ስለሆነ በእርግጥ ከማሕፀኑ ጋር ይሄዳል። ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም ያንን ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ፣ ግን ከማሕፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማምረቻው፣ በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ ሊበቅል ይችላል፤ እሱን ፈልጎ የማያስወግድ ቀዶ ሕክምና ሕመሙን እዚያው ትቶት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና ከመፈረም በፊት «የሚያመኝ የትኛው ነው?» ብሎ ሐኪሙን ማፋጠጥ ይገባል።

የእኔ ሕመም ከወገቤ ተነስቶ ጭኔን ይዞ ይወርዳል፤ መጸዳጃ ቤት ስቀመጥ ደግሞ እንደ ጦር ይወጋኛል። አልትራሳውንዱ «ምንም የለም» ባለ ጊዜ የተደሰተው ሐኪሙ ብቻ ነበር። ላይ ላዩን የተበተነ ኢንዶሜትሪዮሲስ በአልትራሳውንድ ብዙውን ጊዜ እንደማይታይ ማን በነገራቸው!

አሁን ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ አስገብቻለሁ። ደሙን በእጅጉ ቀንሶልኛል፣ ሕመሙን ግን በከፊል ነው። አይቡፕሮፌንም ሕመሙ ከመበርታቱ በፊት ሲወሰድ ይሻላል (ጨጓራ ላለባት ግን ሐኪም ሳታማክር አይሆንም)። ማረጥን የሚያስመስለው መርፌም ቀርቦልኝ ነበር፤ የሚያመጣውን ድንገተኛ የሰውነት ግለት እችለው ይሆናል፣ አጥንት ማሳሳቱ ግን አስፈራኝ። ይህን ለመከላከል አነስተኛ ሆርሞን አብሮ እንደሚሰጥ ጽሑፉ ቢጠቅስ መልካም ነበር። መውለድ የምታስብ ሴት ምርጫዋ ሌላ ነው፤ ሉፑ እያለ እርግዝና አይታሰብም።